የሙታን አስተርጓሚ

የሰውዬው እውነተኛ ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ ከመታወቂያው ውጪ የሚያስታውሰው ግን የለም። ለሰፈሩ ሁሉ ማይኩ ነው። ልጆች «ማይኩ መጣ!» ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ለክብሩ «አቶ ማይኩ» ይሉታል፤ ባለቤቱ ስትናደድ «አንተ ማይክ፣ እስቲ ተዘጋ!» ትለዋለች። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ሥራው የውጭ ፊልም መተርጎም ነው፤ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በማያውቀው ቋንቋ ነው።

አዳራሹ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። አሁንም ሰው ከልቡ ሲስቅ ከጣሪያው አቧራ ይራገፋል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ ከጠረጴዛው ጎን ያረጀ መጋረጃ ተጋርዷል። ከመጋረጃው ኋላ ማይኩ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይና የሕፃን ካልሲ የለበሰ ማይክሮፎን አሉ። ካልሲው የልጁ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ሰው ሲጮህበት ስለሚንቋቋ ነው የለበሰው። ፊልሙ ሲከፈት ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቷም ሕፃኑም ማይኩ ነው።

እንዴት እዚህ ሥራ ላይ እንደወደቀ ሲጠየቅ «ተጠርቼ» ይላል፤ ሐሰት አይደለም። ያኔ የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ መንገደኛ ሲጣራ ድምፁ ሦስት ሰፈር ተሻግሮ የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን የአዳራሹ አስተርጓሚ ከባለአዳራሹ ተጣልቶ ፊልሙን መሃል ላይ ጥሎ ወጣ። ተመልካቹ አግዳሚውን ሊሰብር ሲነሳ ባለአዳራሹ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ መንገድ ሮጠና ከሰው ሁሉ ድምፁ የጎላውን ሰው እጁን ያዘ።

«ቋንቋ ታውቃለህ?»

«የማንን?»

«የነሱን ነዋ!»

«አሳምሬ!» አለ ማይኩ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ።

በዚያው ቀን ታላቅ ነገር ገባው፦ አዳራሹ ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሽጉጥ የደገነ ሰው ሰዓት ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ሻንጣ ይዛ በር ላይ የቆመች ሴት ምን እንደምትል ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ቅንድብ ካለ ቋንቋ አለ፤ የማይኩ ትምህርት ይኸው ነው። በእርግጥ ጉድ የሚፈላበት ጊዜ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ወንድምና እህት ናቸው ብሎ የጀመራቸው ሰዎች ፊልሙ መሃል ላይ ከንፈር ለከንፈር ተገናኙ። አዳራሹ «ኧረ!» ብሎ ሲነሳ ማይኩ ሳይደናገጥ «ለካስ ሐኪም ቤት ስንወለድ ተለዋውጠን ነው! ተመስገን!» አለላቸው። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ።

ደግሞ ያቺ የፈረሱ ነገር አለች። አንድ የጦርነት ፊልም ላይ ፈረስ ሲያሽካካ «ጌታዬ፣ ኮርቻው ጠበበኝ አለ» ብሎ ተርጉሞ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ ሕግ አደረገው፦ ከአፍ የወጣ ድምፅ ሁሉ ይተረጎማል፤ ውሻም ይሁን በቀቀን። ከፍለው ነው የገቡት።

እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ ማይኩን ከልቧ ያመነችው አንዲት ሰው ናት፤ ልጁ። እሷም አንድ ብቻ ናት። ሕፃን ሳለች መጋረጃው ኋላ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። ቀና ብላ «አባዬ፣ ድመት በነሱ ቋንቋ ምን ይባላል?» ትለዋለች። ማይኩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሽሩምቡል» ይላታል። «ዝናብስ?» ለዝናብም አያጣም። ዐይኖቿን አፍጥጣ ስትደግመው ደስታው ልክ የለውም፤ ከአውቶቡስ ላይ የወረደ ሰው ለአንዲት ነፍስ ሊቅ ሆኖ ሲታይ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጅቱ አድጋ፣ ጉዷን ተመልከቱ፣ ያንኑ ቋንቋ ተማረች። አሁን ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ ትልልቅ ስብሰባ ላይ በመስታወት ክፍል ተቀምጣ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ታስተረጉማለች። ማይኩ ይህን ያልነገረው ማን አለ! «የኔኑ ሥራ ነው የያዘችው» ይላል። «እሷ መስታወት አላት፣ እኔ መጋረጃ አለኝ፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።» ለዕረፍት በመጣች ቁጥር ግን አዳራሹ አጠገብ እንዳትደርስ ሰበብ አያልቅበትም፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቁንጫ ገብቷል፣ ፊልሙ ለሴት ልጅ አይሆንም። በዚያ ቋንቋ ልታናግረው ስትሞክርም «እቤት ውስጥ የራሳችንን እንናገር እንጂ፣ የሥራ ቋንቋ ይሰለቻል» ብሎ ይገላገላል።

በዚህኛው ዕረፍቷ ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና «አባዬ፣ እሑድ አዳራሽ እመጣለሁ» አለች። «ቁንጫውን ችዬ እቀመጣለሁ።»

ማይኩ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ባለቤቱ ጀርባውን እየደበደበች ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው በዐይኗ ለክታ የምትጨርስ፣ ባሏንም ገና ድሮ ለክታ የጨረሰች።

ልጅቱ ስትወጣ ማይኩ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተኮራምቶ ተቀመጠ።

«በቃ ንገራት» አለች ባለቤቱ፣ ፔዳሉን ሳታቋርጥ።

«ምን ብዬ?»

«'አላውቅም' በላት። አንዲት ቃል ናት፤ ካልሆነልህ ተርጉማት።»

«አንቺ ትቀልጃለሽ! ያቺን ልጅ ያሳደግኳት 'አውቃለሁ' ብዬ ነው። እኔን አይታ ነው የተማረችው። አሁን ይሄን ሁሉ ዘመን አባትሽ ቀጣፊ ነበር ልበላት? በምን ዐይኗ ታየኛለች?»

«እኔ ቀጣፊነትህን እያወቅሁ አገባሁህ፤ ምን ሆንኩ?»

ማይኩ ይህን አልሰማም። ሌላው ሰው ሁሉ ቢስቅበት ግድ የለውም፤ መሳቃቸውማ ሥራው ነው። የልጁ ዐይን ውስጥ ያለውን ያንን ሊቅ ማጣት ግን አይችልም። እየሮጠ ባለአዳራሹ ዘንድ ሄደና «ንግግር የሌለበት ፊልም የለህም?» አለው። ባለአዳራሹ በካርቶን የተከመረውን ሲበረብር ቆይቶ አንድ ሽፋኑ የተቀደደ አወጣ። ሽፋኑ ላይ ክራባት ያሰሩ፣ ፊታቸው የጠቆረ ሰዎች በሊፍት በር ላይ ተጨናንቀዋል።

«ዞምቢ ነው» አለ። «ከመቃብር የተነሳ ሬሳ ነው የሚበዛው። ያጉረመርማሉ እንጂ አይናገሩም።»

ማይኩ የባለአዳራሹን ግንባር ሳመው። ሙታን አይናገሩም! እንዴት እስከዛሬ አላሰበውም?

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የፊተኛው አግዳሚ ላይ ልጅቱና እናቷ ተቀመጡ፤ ከአጠገባቸው ጎማ ሠሪው፣ የአዳራሹ አፍ፣ እግሩን ዘርግቶ ኦቾሎኒውን ይፈለፍላል። ከኋላ ተሸካሚዎች፣ ዘበኞች፣ የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች ነበሩ። ማይኩ በመጋረጃው ቀዳዳ ልጁን አየና ካልሲውን አስተካከለ። «የዛሬው ፊልም 'ሬሳዎቹ ሥራ ገቡ' ይባላል» ብሎ ካወጀ በኋላ ተደላድሎ ሻዩን አነሳ።

ፊልሙ የጀመረው መቃብር ቦታ ላይ ነው። አፈሩ ተነቃነቀ፣ እጅ ወጣ፣ እጁን ተከትሎ ባለ ክራባት ሽማግሌ ወጣ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ አሁን ሰው ሊበላ ነው። ሽማግሌው ግን ትከሻውን አራግፎ አውቶቡስ ፌርማታ ሄዶ ተሰለፈ። ከዚያ አንድ ትልቅ ፎቅ መሥሪያ ቤት ገባና የድሮ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። አለቃው ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው የወረቀት ክምር አስቀመጠበት። ይሄኔ ሽማግሌው አፉን ከፍቶ «ኧ... ኧኧኧር...» አለ።

ማይኩ ሻዩን ጠጣ።

«ማይኩ!» አለ ጎማ ሠሪው። «ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ሞቷል።»

«እንዴት ምንም አላለም? እየሰማነው! አፉን ከፍቶ ነው የተናገረው!»

«ሬሳ ነው እኮ፣ ወንድሜ!»

«ፈረስ ተርጉመህ የለም እንዴ? ሬሳ ከፈረስ ያንሳል?»

«ይተርጎም! ይተርጎም!» አለ አዳራሹ፤ አቧራው ረገፈ። ማይኩ ራሱ ባመጣው ሕግ ተያዘ። ቀዳዳው ላይ ዐይኑን ቢያደርግ ልጁም አገጯን በእጇ ደግፋ እየጠበቀች ነው። ካልሲውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«'ኧረ ጌታዬ፣ ትናንት ተቀብሬ ነበር' አለ።» አለቃው ሳይዞር እጁን ወዘወዘ። «'የፈቃድ ፎርም ሞልተህ ነው?' አለው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! መንጋጋዋ የተንጠለጠለ ሟች ስታጉረመርም «ሞቼ ሳልቀዘቅዝ አለቃዬ ወንበሬን ለእህቱ ልጅ ሰጠው» አለች። እጁ የወደቀበት ሟች ጎንበስ ብሎ በቀረችው እጁ የወደቀችውን አነሳና በእሷ የመግቢያ ሰዓቱን ፈረመ፤ «ዛሬስ አላረፈድኩም» አለ። ሙታኑ እየበዙ መጡ፤ ሊፍቱ ጋ ተሰለፉ። አንድ በሕይወት ያለ ኃላፊ ገፍትሮ ሊቀድማቸው ሲል ሁሉም ባንዴ ዞሩና በሉት። «ምን አሉ? ምን አሉ?» አለ ጎማ ሠሪው፣ ቆሞ። «'ወረፋ!' ነው ያሉት» አለ ማይኩ። የጽዳት ሠራተኞቹ እልል አሉ። እንግዲህ አዳራሹ ወገኑን ለይቷል፤ ሙታኑ በር ሲገፉ «በርቱ! በደረጃ በኩል ዙሩ!» የሚለው ተሸካሚው ነው፣ ሕይወት ላለው የሚጨነቅ ጠፋ።

ማይኩ ደስታው ራሱ ላይ ወጥቶ ልጁን ረስቷት ነበር። አለቆቹ የመጨረሻው ፎቅ ላይ በር ዘግተው መነጋገር ሲጀምሩ ግን ወሽመጡ ተቆረጠ። እነዚህ ሕያዋን ናቸው፣ እውነተኛ ቋንቋ ነው የሚናገሩት፣ ያውም በፍጥነት። ላብ በላብ ሆኖ «'ችግሩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም' አለ ወፍራሙ። 'አበል አለው ወይ?' አለ ቀጭኑ» አለና በቀዳዳው አጮለቀ። ልጅቱ ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ማይኩ ከሃፍረት ነው ብሎ ደመደመ። አለቀልኝ፣ አለ በልቡ።

ይሄኔ ፊልሙ ባሕርይውን ለወጠ። የሕንፃው ዘበኛ፣ በሕይወት ያለ ደግ ፊት ያለው ሰው፣ ሴት ልጁን ከሙታኑ ሲያስመልጥ ክንዱን ተነከሰ፤ ሙታኑ የነከሱት ሞቶ ከእነሱ አንዱ ይሆናል። ምድር ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ልጁ አጠገቡ ተንበረከከች። የቀረው ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ሁለቱም አውቀዋል። ዘበኛው የልጁን ጉንጭ ይዞ መናገር ጀመረ፤ ረጅም፣ ጸጥ ያለ፣ አንድም ቅንድብ የማይንቀሳቀስበት ንግግር።

ማይኩ የሚሞት አባት ምን እንደሚል ያውቃል። ስንቱን አባት ገድሏል! «አደራሽን»፣ «እናትሽን»፣ «ቀና ብለሽ ሂጂ»፤ አዳራሹን በእንባ ያጠበባቸው ቃላት ሞልተውታል። አፉን ከፈተ። ከመጋረጃው ማዶ ግን እውነተኛዋ ልጁ ተቀምጣለች፤ ሰውዬው የሚለውን ትሰማለች። እሷ ፊት፣ በአባት ቦታ ሆኖ፣ አባትየው ያላለውን ሊላት ነው።

«ማይኩ! ምን አለ?»

ማይኩ ካልሲውን ከአፉ አራቀ።

«ኧረ ሰውዬው እየሞተ ነው፣ ቶሎ በል!»

መጋረጃው ተገለጠና ልጅቱ ገባች። ድሮ ከምትቀመጥበት ጠረጴዛ ሥር አልገባችም፤ አጠገቡ ቆማ እጇን ዘረጋች። ማይኩ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። የልጅነት ካልሲዋን የለበሰውን ማይክሮፎን ሰጣት።

«'መኪናው ከሕንፃው ጀርባ ነው'» አለች ልጅቱ፣ በዚያ በመስታወት ክፍል ድምፅዋ፣ ጥርት አድርጋ። «'የሹፌሩ በር ከውጪ አይከፈትም፣ በወዲያኛው ግቢ። ነዳጁ ጥቂት ነው። ሁለተኛ ማርሽ ይጠብቃል፣ በኃይል ግፊው...'»

አዳራሹ ተንጫጫ። «ይሄ ምንድነው? ጋራዥ ገባን እንዴ?» «ልጁን ምንም ሳይላት ሊሞት ነው?» «ማይኩን መልሱልን!» ጎማ ሠሪው ብቻ «ቆይ፣ ልክ ነው፣ ያ ሞዴል ሁለተኛው ያስቸግራል» አለና በክርን ተመታ።

ልጅቱ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገች። አባቷን አየችው። ትላልቅ ጆሮዎቹ ቀልተው መሬት መሬት ያያል። መልሳ ካልሲውን ወደ አፏ ስታመጣ ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ ለስለስ፣ ጎላ ያለ፣ የማይኩ ድምፅ በሴት ልጅ ጉሮሮ።

«'ልጄ'» አለች፣ «'እኔ የማላውቀውን አንቺ አወቅሽ። መንገዱን አላውቀውም ነበር፤ ግን ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ጠራሁሽና ገባሽ። እዚህ ያደረስከኝ አንተ ነህ በይ፤ አትፈሪ፣ አትፈሪብኝ። ዐይንሽ ውስጥ ያለው ሰውዬ የትም አልሄደም።'»

ከአዳራሹ ኋላ አንዱ ተሸካሚ አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማ። ጎማ ሠሪው ኦቾሎኒውን ጥሎ በክንዱ ፊቱን ጠረገ። ስክሪኑ ላይ ዘበኛው ከንፈሩን ካቆመ ቆይቷል፤ ልጅቱ ግን ገና ትተረጉምለታለች፣ አንድም ሰው ልብ አላለም። ማይኩ ግን ልብ ብሏል። ዘበኛ ሆኖ የማያውቅ፣ የአውቶቡስ በር ላይ ግን ቆሞ የሚያውቅ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃልና፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የፊልሙ ሩጫ ሲመጣ ማይክሮፎኑን ተቀበላትና እስከ መጨረሻው አብረው ሄዱ፤ እሷ ሕያዋኑን፣ እሱ ሙታኑን። በመጨረሻው ትዕይንት የዘበኛው ልጅ መኪናዋን ይዛ ወደ ግቢው በር ስትበር፣ በሩ ላይ አባቷ ቆሟል፤ ሞቶ፣ ዐይኑ ነጭ ሆኖ፣ ኮፍያውን ግን አድርጎ። አዳራሹ ጮኸ። ሟቹ ዘበኛ እየተንገዳገደ ሄደና፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ እንደኖረው፣ የበሩን ብረት አነሳላት። መኪናዋ ሳትቆም አለፈች። ከኋላዋ እጁን አንስቶ «ኧኧኧር» አለ።

«ምን አለ? ማይኩ፣ ምን አለ?»

«'ቀስ ብለሽ ንጂ' አለ» አለ ማይኩ።

አዳራሹ እያለቀሰ ሳቀ፤ እየሳቀ አለቀሰ። ከጣሪያው የወረደው አቧራ ሁሉንም ሰው ሬሳ አስመስሎ አወጣቸው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ማይኩ ጫማውን እያየ ተራመደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለ በመጨረሻ።

«ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን» አለች ልጅቱ። «መምህሯ የድመት ሥዕል አሳየችንና በዚያ ቋንቋ ምን ይባላል አለች። እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ።»

«አይ! አላልሽም!»

«ተነስቼ፣ ጮክ ብዬ። የክፍል ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ሽሩምቡል ነው የሚሉኝ።»

እናትየው መንገድ መሃል ቆማ፣ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ማይኩ መሳቅም ማፈርም አቃተው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትነግረኝ በጣም ደስ ይልህ ነበር፣ አባዬ።»

ትንሽ ሄዱ።

«ሰውዬው ለልጁ ያለው በእውነት የመኪናውን ነገር ብቻ ነው?»

«ብቻ ነው። በሩን፣ ነዳጁን፣ ማርሹን። መጨረሻ ላይ 'ለማንም እንዳትቆሚ፣ ለኔም ቢሆን' አላት።»

«ያ የኋለኛውስ? የአውቶቡሱ፣ የዐይኑ?»

ልጅቱ ክንዱን በክንዷ ያዘች።

«እሱንማ ከአንተ ነው የተረጎምኩት።»

ማይኩ እስከ ቤቱ በር አንድም ቃል አልወጣውም። ባለቤቱ ከኋላ እየተከተለች፣ ዘመኗን ሙሉ ያላገኘችውን ጸጥታ እያጣጣመች፣ «እነዚህ ሬሳዎች በየሳምንቱ ይምጡልኝ» አለች።